ዲስኩ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» ለሚል የዊንዶውስ ባክአፕ

ዊንዶውስ 10 ሲስተም ኢሜጅ (የመላው ሲስተም ቅጂ) ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ መቅዳት ይጀምርና «በቂ ቦታ የለም» ብሎ ይቆማል፤ የስህተት ቁጥሩ መጨረሻ 80780119 ነው። ዲስኩ ላይ ግን 400 ጊጋ ባዶ አለ።

ኬብልና ፖርት መቀየር አልረዳም። ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ (NTFS፣ የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት) ፎርማት ማድረግም እንዲሁ (ለኢሜጅ ግዴታ ነው፣ ለዚህ ስህተት ግን መፍትሔ አይደለም)። ደብረ ብርሃን ወርዶ ትልቅ ዲስክ መግዛትም ብር ማባከን ነው።

የሞላው የውጭው ዲስክ ሳይሆን ላፕቶፑ ውስጥ ያለችው ትንሿ የሪከቨሪ ፓርቲሽን (ዊንዶውስ ሲበላሽ መጠገኛው የሚቀመጥባት የዲስኩ ክፍል) ናት። ዊንዶውስ ከመቅዳቱ በፊት በየፓርቲሽኑ ላይ ሻዶው ኮፒ (የፋይሎቹ የዚያች ቅጽበት ቅጂ) ይፈጥራል፤ ለዚህም ከ500 ሜጋ በታች የሆነ ፓርቲሽን ቢያንስ 50 ሜጋ፣ ከዚያ በላይ የሆነ 320 ሜጋ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። እሷ ላይ የቀረው 16 ሜጋ ነበር።

የሠራው፦ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍቶ «reagentc /disable» (ሪኤጀንትሲ ስላሽ ዲሴብል) ብሎ መጻፍ። የሪከቨሪው ፋይል ወደ ሲ ድራይቭ ይዛወርና ፓርቲሽኗ ትተነፍሳለች። ኢሜጁ ሲያልቅ በዚያው ትእዛዝ «reagentc /enable» (ኢኔብል) ብሎ መመለስ፤ ይህን መርሳት አደገኛ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪውን ሞልቶ መጀመር፤ ዲስኩም በዩኤስቢ ብቻ የሚሠራው ትንሹ ይሁን። የራሱ አዳፕተር ያለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፣ ኢሜጁም ከዜሮ ይጀመራል።