ሆዱን የቆረጠውን ፈረስ መርዳት

ጎጃም ውስጥ፣ በተለይ በአዊ፣ ፈረስ የቤቱ ክብር ነው፤ በደህናው ቀን እጅ ካልለመደ ግን ሲታመም አያስነካም። በየቀኑ በግራ ትከሻው በኩል እያናገራችሁ ቅረቡት፤ ጋማውን እከኩለት፤ ድዱንና ኮቴውን ማስነካት አስለምዱት።

መሬት ከቧጨረ፣ ወደ ሽንጡ እየዞረ ካየ ወይም ፋንድያ መጣል ካቆመ ሆዱን ቆርጦት ይሆናል። ገብሱንም ድርቆሹንም አንሱ። መንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር ዳብሳችሁ ትርታውን 30 ሰከንድ ቁጠሩና በ2 አባዙ። ጤነኛ ፈረስ ባረፈበት ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ ከ60 ካለፈ የእንስሳት ሐኪም በአስቸኳይ ይጠራ።

እስኪመጣ፣ መንከባለል ካበዛ በቀስታ እየመራችሁ አራምዱት፤ አታስሩጡት። ዘይትም ሆነ አረቄ በግድ አትጋቱት! ፈረስ ማስታወክ አይችልም፤ የተጋተው ሳንባው ከገባ ደግሞ ሊገድለው ይችላል።