በክረምት ሞተር ሳይክል ሲነዱ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ በደጋው የአገራችን ክፍል ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባው እጁንና ዓይኑን ነው። እጁ የደነዘዘ ወይም ፊቱ በጉም የተሸፈነበት አሽከርካሪ የሞተሩ ደኅንነት አያድነውም፤ ስለዚህ የማሽኑ ጉዳይ ወደ መጨረሻው ቀርቧል።

ጣት ይደነዝዛል፣ ፍሬን ለመያዝም ይዘገያል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የክረምት ማለዳዋ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ይህ ቅዝቃዜ እግረኛን ብዙም ባያስቸግርም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሚጓዝ ሰው ላይ ግን ነፋሱ ሙቀቱን ያለማቋረጥ ይገፍፋል፤ ጓንቱ ከራሰ ደግሞ ውሃው ሲተን የቀረውንም ይዞበት ይሄዳል። ብዙዎች ወፍራም የሱፍ ጓንት ይገዛሉ፤ ነገር ግን እሱ ቶሎ ይርሳል፣ ፍሬኑን በጣት ለይቶ ለመያዝም ያስቸግራል። የሚሻለው ከውስጥ ስስ ጓንት፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ሰፋ ያለ ጓንት መደረብ ነው። የጓንቱ አንገት በዝናብ ልብሱ እጅጌ ሥር ካልገባ በክንድ ላይ የሚወርደው ዝናብ በቀጥታ ወደ ጣት ይፈስሳል።

ደረት ሲበርደው ሰውነት ወደ እጅ የሚልከውን ደም ስለሚቀንስ ከዝናብ ልብሱ ሥር ሹራብ መልበስ ጣትንም ይረዳል፤ ሌላ ከሌለ የታጠፈ ጋዜጣ ደረት ላይ ማድረግ ነፋሱን ያግዳል። አንገት ላይ ነጠላ ወይም ሻርፕ የሚጠመጥም ሰው ጫፉን አጥብቆ ወደ ውስጥ ይክተት፤ የተንጠለጠለ ጫፍ ካቴና (የኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት) ወይም የኋላ ጎማ ውስጥ ከገባ ሕይወት ይቀጥፋል። ጣት ደንዝዞ ከሆነ ቆሞ እጅን ብብት ውስጥ ማሞቅ እንጂ ማርሚታ (የሞተሩ የጭስ ማውጫ) ላይ ማስጠጋት አይገባም፤ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይሰማውም።

የሄልሜቱ መስታወት በጉም ይሸፈናል

የትንፋሽ እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። መስታወቱን በጥቂቱ ከፍቶ አየር ማስገባት ወይም ከውስጥ በኩል ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በስሱ ቀብቶ በለስላሳ ጨርቅ መወልወል ይጠቅማል። በደብረ ብርሃንና በደብረ ሲና መካከል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ እንደሚገኘው ጣርማ በር ባለ ቦታ ጉሙ መንገዱ ላይ ሲሆን ግን ፍጥነት ከመቀነስና መብራት ከማብራት፣ ካልሆነም ከመንገዱ ወጥቶ ከመቆም ሌላ ብልሃት የለም።

ጎማ ይንሸራተታል

አደገኛው ጊዜ ዝናቡ ገና ሲጀምር ነው፤ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ይንሳፈፋል። በቀለም የተሰመረ መስመር፣ የብረት ክዳን፣ ኮብልስቶንና ከውስጥ ለውስጥ መንገድ የወጣ ጭቃ ላይ ሞተሩን ሳያጋድሉ፣ ፍሬንም ሳይዙ ቀጥ ብሎ ማለፍ ይገባል። በሌላው ቦታ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መያዝ እንጂ የፊቱን በድንገት መጨበጥ ይጥላል። እንዲይዝልኝ ብሎ ጎማን ማስተንፈስም ስሕተት ነው፤ አየሩ ሲያንስ ጎማው ከሥሩ ያለውን ውሃ በሚገባ አያስወጣም። ኩሬ የሠራ ውሃ ጥልቀቱ ስለማይታወቅ መኪኖች ሲያልፉበት የታየውን መስመር መከተል ይሻላል።

ካቴና ይጮኻል

ዝናብና ጭቃ ዘይቱን አጥበውታል። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ፣ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ መወልወልና ከደረቀ በኋላ ዘይት መቀባት ነው። ማታ ከጉዞ መልስ ቢቀባ ዘይቱ እስከ ጠዋት ሰርጎ ይገባል።

ሞተሩ አልነሳ ይላል ወይም መንገድ ላይ ይጠፋል

ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው እርጥበት የገባበት ካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ነው፤ የገመዱን መሰኪያ ነቅሎ ከውስጥም ከውጭም ማድረቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ተነሥቶ እየተንተፋተፈ የሚጠፋ ከሆነ ቤንዚኑ ውሃ ሊኖረው ይችላል። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሥር ይዘቅጣል፤ ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ያለው ሞተር ከሆነ ሞተሩ በርዶ ሳለ፣ ከእሳት ርቆ፣ ከካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን የማፍሰሻ ብሎን አላልቶ ንጹሕ ቤንዚን እስኪወርድ ድረስ በዕቃ ማጠራቀም ያስፈልጋል።