ለመርዳት ወጥታችሁ ተረጂ እንዳትሆኑ፦ የበረዶ ቀን ችግርና መፍትሄ ለባለ ፎር ዊሎች

በረዶ ሲጥል ባለ ፎር ዊል ሰው ስልኩ አያርፍም። ነርሷ የማታ ተረኛ ናት፣ አውቶቡስ ግን ቆሟል። ኩላሊቱን የሚታጠበው ሰውዬ ቀጠሮው ዛሬ ነው፣ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት መድኃኒታቸው አልቋል። በጎ ፈቃደኛው ቁልፉን አንስቶ ውልቅ ይላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዳንዴ ራሱ ቦይ ውስጥ ገብቶ ጎታች ይጠብቃል። እኔም ደርሶብኛል፣ በሰው አልፈርድም።

ከታች ያሉት ደጋግመው የሚያጋጥሙ ችግሮች ናቸው። ከስልክ ጥሪው ጀምሬ መኪናው ማታ እስኪቆም ድረስ እሄዳለሁ።

ለአንድ ሰው ሦስት መኪና ሄደ፣ ሌላው ጋ ማንም አልደረሰም

ይህ የመኪና ችግር አይደለም፤ ግን ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው። ጥሪው የስልክ ግሩፕ ላይ ይወጣል። ሦስት ሰው "እኔ አለሁ" ብሎ ይነሳል። የሚቀጥለውን ጥሪ ደግሞ ሁሉም "አንዱ ሄዶ ይሆናል" ብሎ ይተወዋል።

መፍትሄው አንድ ሰው ቤት ማስቀረት ነው። የማይነዳ፣ ሙቅ ክፍል ውስጥ ስልክና ደብተር ይዞ የሚቀመጥ። ጥሪ የሚቀበለውም መኪና የሚመድበውም እሱ ብቻ ይሁን። ደብተሩ ላይ ተሳፋሪው ማን እንደሆነ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለበት፣ መራመድ ይችል እንደሆነ ይጻፍ። ዊልቸር አለ ወይ? ልጅ ካለ የልጅ መቀመጫ ያለው የትኛው መኪና ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚለን ሕፃን ታቅፋ በር ላይ የቆመች እናት ስናይ ነው።

ሾፌሮችም በየግማሽ ሰዓቱ ያሉበትን ለዚሁ አስተባባሪ ይንገሩ። ዝም ያለ ሾፌር ይፈለጋል። ብርድ የስልክ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ ስልኩ የጃኬት የውስጥ ኪስ ውስጥ ይቀመጥ። ከከተማ ወጣ ወዳለ ቦታ ከሆነ ሁለት መኪና አብሮ ይሂድ።

ደረቱን ያመመው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚደወለው ለአምቡላንስ ነው። እኛ ሳይረን የለንም፣ ቀይ መብራት የመጣስ መብትም የለንም። ኢንሹራንሱን ደግሞ በረዶው ከመምጣቱ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ከተሳፋሪ ገንዘብ መቀበል ጉዞውን ወደ ንግድ ሊለውጠው ይችላል፤ ያኔ ተራው የግል መድን ላይሸፍናችሁ ይችላል።

መኪናው ጥሩ ይሄዳል፣ ግን አልቆም ይላል

ብዙ ባለ ፎር ዊል የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ኃይል ለአራቱም ጎማ ሲደርስ መነሳትና ዳገት መውጣት ይቀላል። ፍሬን ግን ማንኛውም መኪና በአራቱም ጎማ ነው የሚይዘው፣ የጎረቤት ትንሿ የቤት መኪና እንኳ ሳትቀር። መቆም ላይ ፎር ዊል የሚጨምረው ነገር የለም። እንዲያውም ያሳስታል። ሌላው መኪና ሲነሳ ጎማው እየዞረበት መንገዱ ማዳለጡን ይነግረዋል። የእናንተ መኪና ግን ምንም ሳይላችሁ 60 ላይ ይደርሳል። በግግር በረዶ ላይ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ከደረቅ አስፋልቱ እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የምታውቁት ከፊታችሁ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ነው።

ስለዚህ ከሰፈር ሳትወጡ መንገዱን ጠይቁት። ባዶና ቀጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ከኋላ ማንም አለመኖሩን አይታችሁ፣ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ያዝ አድርጉ። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ድርድርድር ካለ ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሲስተም፣ ሥራ ጀምሯል፤ ጎማው ሊንሸራተት ነበር ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት እንዲህ ካለ፣ በ50 ምን እንደሚሆን ገምቱት። ቁልቁለት ላይ ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው፣ መሃሉ ላይ ሲደርሱ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ጎማው ነው። የተራ ጎማ ላስቲክ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እየጠነከረ ይሄድና መንገዱን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ጎማው ጎን ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ በውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ፈልጉ። ይህ ጎማ በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። "ኤም" እና "ኤስ" የሚሉ ፊደላት ብቻ ካሉት ግን አምራቹ ለጭቃና ለበረዶ ነው ያለው ነው እንጂ ፈተና አለፈ ማለት አይደለም። የጎማው ጥርስ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ስልክ ተቀባይ ሁኑ፤ እሱም ሥራ ነው።

የፎር ዊል መብራቱ በርቷል፣ የፊት ጎማ ግን አይጎትትም

ቆየት ባሉ መኪኖች የፊት ጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አለ። እሱ "ፍሪ" ላይ ከሆነ ዳሽቦርዱ የፈለገውን ቢያበራ ኃይሉ ጎማው ጋ አይደርስም። ወርዶ ሁለቱንም ወደ "ሎክ" ማዞር ነው። ይህ በደረቅ ጓሮ አሥር ሰከንድ ይፈጃል፤ ጎማው በረዶ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ግን በባዶ እጅ መቆፈር ይመጣል። ቤት ሳላችሁ ቆልፉት። በራሱ የሚቆለፍ ዓይነት ከሆነና እምቢ ካለ ግን ለመካኒክ ተዉት።

ፎር ሎው፣ ማለትም በዝግታና በኃይል የሚጎትተው የፎር ዊል ማርሽ፣ አልገባም ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእኛ ችኮላ ነው። መኪናውን አቁሙ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ከዚያ አስገቡ። አሁንም ካስቸገረ አንድ ሁለት ሜትር ወደፊት ወይም ወደኋላ ተንቀሳቅሳችሁ ሞክሩ።

በረዶው የተጠረገበት ደረቅ አስፋልት ላይ ስትታጠፉ መሪው ከከበደና መኪናው እንደታሰረ ከተንገራገጨ ደግሞ ፎር ዊሉን ሳታወጡት ቀርታችኋል። የፊትና የኋላ ጎማዎች ሲታጠፉ እኩል አይዞሩም፤ መሃል ላይ ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የሌለው መኪና ይጨናነቃል። ቀጥ ብላችሁ ጥቂት ሜትር ወደኋላ ሂዱና ወደ ሁለት ጎማ መልሱት።

ጎማው ባለበት ይሽከረከራል

ነዳጅ መስጠት አቁሙ። እያንዳንዱ ዙር ከጎማው ሥር ያለውን በረዶ አቅልጦ መልሶ መስታወት ያደርገዋል። ወርዳችሁ በአካፋ ከጎማው ፊትና ኋላ ጥረጉ። ጎንበስ ብላችሁ ሆዱንም እዩ፤ መኪናው በሆዱ በረዶ ላይ ከተኛ ጎማው የሚረግጠው ነገር የለውም። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በሁለተኛ ማርሽ፣ በቀስታ ተነሱ።

ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ አቅም እንደሌለው ዝም ካለ አልተበላሸም። መንሸራተት የሚቆጣጠረው ሲስተም ኃይሉን እየቆረጠባችሁ ነው። ጥልቅ በረዶ ውስጥ የሲስተሙን ቁልፍ ተጭናችሁ ሲስተሙን አጥፉት፣ እንደወጣችሁ መልሳችሁ አብሩት። የጎማ ነፋስ መቀነስም ለስላሳና ጥልቅ በረዶ ላይ ይረዳል፤ መልሶ መንፊያ ኮምፕረሰር ከሌላችሁ ግን አትንኩት። የወለል ምንጣፍ ጎማ ሥር ማድረግ የሚባለውን እኔ አልወደውም። ወደኋላ ተስፈንጥሮ የሚገፋውን ሰው እግር ይመታል። አንድ ከረጢት አሸዋ ይሻላል።

ሌላ መኪና ስንጎትት የታሰረበት ነገር ተበጠሰ

እዚህ ላይ አልቀልድም። ከመኪናው ኋላ ተሳቢ የሚታሰርባት ክብ ብረት አለች። የተሠራችው ተሳቢ ለመጎተት እንጂ የተቀበረ መኪና ለመንጠቅ አይደለም። ገመድ እሷ ላይ አስራችሁ ስትነጥቁ ከተሰበረች እንደ ጥይት ትበራለች። በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ።

ገመዱን አምራቹ ለመጎተቻ ብሎ ባዘጋጀው ቀለበት ላይ ብቻ እሰሩ። ከመጎተት በፊት አካፋው ሥራውን ይጨርስ፤ አንዳንዱ መኪና ሲጠረግለት ራሱ ይወጣል። የማይለጠጥ ገመድ ከሆነ ቀስ ብላችሁ ወጥሩት፣ በሩጫ አትንጠቁ። መሃሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣሉበት፣ ቢበጠስ ኃይሉን ያበርዳል። ቆሞ የሚያይ ሰው ቢያንስ የገመዱን ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ስልክ ይዞ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ከሁሉም በፊት ይራቅ።

ቆመን ስንጠብቅ ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ

ድካም ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። በረዶ ክምር ውስጥ ቆማችሁ ሞተር ስታሠሩ የጭስ ማውጫው ይደፈናል፤ መንገድ ጠራጊው መኪና በአጠገባችሁ ካለፈ ደግሞ በአንድ ጊዜ ይቀብረዋል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ከሥር ሾልኮ ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም።

ሞተር አጥፉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ሁሉም ሰው ንጹህ አየር ጋ ይውጣ። ሕመም የተሰማው ሰው ካለ ለድንገተኛ እርዳታ ደውሉ። ረጅም ጥበቃ ከሆነ ጭስ ማውጫውን በአካፋ እየከፈታችሁ፣ መስኮት ገርበብ አድርጋችሁ፣ በሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ሞተር አሠሩ። ብርድ ልብስ በአራት ሰው ልክ ይዛችሁ ውጡ የሚባለው ለዚህ ነው።

ሞተሩ ተነሳ፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠፋ

ናፍጣ ከሆነ መጀመሪያ ብርዱን ጠርጥሩ። ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ፤ ሲበርድ እንደ ሻማ ይረጋና ፊልትሮውን ይደፍናል። ሞተሩ የተነሳው መስመሩ ውስጥ በነበረው ነዳጅ ነው። መኪናውን ሙቅ ቦታ ማስገባት ወይም ፊልትሮ መቀየር ነው። በወቅቱ ለብርድ የተዘጋጀ ናፍጣ መሙላት ከሁሉም ይቀላል። ድሮ ቤንዚን ጠብ ያደርጉበት ነበር። ዛሬ አይሞከርም፤ የአዲሶቹ መኪኖች የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው።

ጭራሽ ካልተነሳና ቀጭ ቀጭ ብቻ ካለ ባትሪው ነው። ከሌላ መኪና ገመድ ከመቀጠላችሁ በፊት ግን ባትሪውን እዩት። ጎኑ ካበጠ ውስጡ በረዶ ሠርቷል፣ ሊፈነዳ ስለሚችል አትቀጥሉበት።

መስታወቱ በጉም ተሸፈነ

አራት እርጥብ ካፖርት ተሳፍሯል፤ እርጥበቱ ከእነሱ ነው። የውስጥ አየር ማዞሪያውን አጥፉ፣ ማሞቂያውን ወደ መስታወቱ አዙሩ፣ ኤሲውንም አብሩ። በብርድ ኤሲ ማብራት እብደት ይመስላል፤ ግን አየሩን የሚያደርቀው እሱ ነው።

ፍጥነት ስጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል

አንድ ማለዳ ይህ ሲገጥመኝ የፊት እግሩ ተሰበረ ብዬ ደንግጬ ቆምኩ። ወርጄ በባትሪ መብራት ቸርኬውን ሳይ ከውስጥ በኩል፣ ታች ላይ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ በረዶ ተጋግሯል። ማታ የተጠራቀመው ለስላሳ በረዶ ወደ ታች ወርዶ ሌሊቱን ደርቋል። አንድ በኩል የከበደ ጎማ ሲዞር ይመታል። በእንጨት ቆርቁራችሁ አውጡት፣ በብረት አይሁን፤ የፍሬን ቱቦና የኤቢኤስ ሽቦ እዚያው ነው ያለው።

ተሳፋሪዋ በሰላም ደረሱ፣ ሲወርዱ ወደቁ

ሃያ ኪሎ ሜትር በጥንቃቄ ነድቶ የመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር ላይ መሳት ያበሳጫል። መኪናው ረጅም ነው፣ እናትየው አጭር ናቸው፣ ከታች በረዶ ነው። እግራቸው መሬት ሳይነካ ክብደታቸውን ይለቃሉ።

እሳቸው ከመንቀሳቀሳቸው በፊት እናንተ ውረዱ። የሚረግጡበት ቦታ ላይ አሸዋ በትኑ፣ እግሯ ላስቲክ ያላት አጭር በርጩማ አስቀምጡ። ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው፣ እጀታውን ይዘው፣ በጀርባ እንዲወርዱ ንገሯቸው። ቦርሳቸውን እናንተ ያዙ። ክንዳችሁን ስጧቸው እንጂ ክንዳቸውን አትያዙ፤ ሲያዳልጣቸው ራሳቸው አጥብቀው ይይዟችኋል። ቤታቸው ውስጥ መብራት ሲበራ አይታችሁ ሂዱ።

ጠዋት መኪናው አልነቃነቅ አለ

እርጥብ የእጅ ፍሬን ሌሊቱን ተጣብቆ አድሯል። በቀስታ ወደፊትና ወደኋላ ሞክሩት፣ ብዙ ጊዜ ቀጭ ብሎ ይለቃል። ሙቅ ውሃ አታፍሱበት፤ መልሶ ይረጋል። ማታ ሜዳ ላይ ስታቆሙ የእጅ ፍሬን ሳትይዙ ማርሽ ውስጥ ተዉት፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማቆሚያው ላይ፤ ጎማው ሥርም ድንጋይ አድርጉ። የዝናብ መጥረጊያውንም አጥፍታችሁ ግቡ፤ አለዚያ ጠዋት መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሳለ ቁልፍ ስትከፍቱ የመጥረጊያው ሞተር ሊቃጠል ይችላል።

እኔ አንድ ጠዋት የእጅ ፍሬኑ ደረቀብኝ ብዬ ሃያ ደቂቃ ታገልኩ። ፎር ሎው አስገባሁ፣ ጎረቤት ጠራሁ፣ ሁለታችን ገፋን። ጎረቤቴ ጎንበስ ብሎ አየና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ማታ በገዛ እጄ ያስቀመጥኩት ድንጋይ ነበር።