ስለ ስታር ዋርስ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ስታር ዋርስ፣ በ1977 ስለጀመረው የጠፈር ጀብዱ ፊልሞች ተከታታይ፣ መከራከር በጣም እወዳለሁ። ከፊልሙ እኩል፣ ከፊልሙ በኋላ ቡና ይዘን የምንጨቃጨቅበትን ሰዓት እወደዋለሁ። ክርክሩ ሲበላሽ የሚያናድደኝም ለዚህ ነው። የሚበላሸው ደግሞ ሐሳባችን ስለተለያየ አይመስለኝም። ስለ አንድ ጉዳይ የምናወራ እየመሰለን ሁለትና ሦስት ጉዳይ ላይ ስለምንጮህ ነው። አንዱ ታሪኩ ውስጥ ስለሆነው ያወራል፣ ሌላው ታሪኩ እንዴት እንደተጻፈ ያወራል፣ ሦስተኛው ያየው ቅጂ ጭራሽ ሌላ ነው።

ከመጀመሬ በፊት፦ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እስከ 2019ኙ ፊልም ድረስ ያለውን ታሪክም ሳልደብቅ ነው የምጽፈው፤ ያላያችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

የትኛውን ቅጂ እንዳየን ሳንናገር መጀመር

"ቀድሞ የተኮሰው ማነው? ሃን ሶሎ ወይስ ግሪዶ?" ይህ ጥያቄ ስንቱን ጓደኛ አኳርፏል። ሃን ኮንትሮባንድ አመላላሽ ነው፤ ግሪዶ ደግሞ ለገንዘብ ሊይዘው የመጣ አዳኝ። በ1977ቱ ፊልም መጠጥ ቤቱ ውስጥ የሚተኩሰው ሃን ብቻ ነው። በጠረጴዛው ስር ሽጉጡን ያወጣል፣ ግሪዶን ይገድላል፣ አለቀ። በ1997 የተከታታዩ ፈጣሪ ጆርጅ ሉካስ ፊልሙን አድሶ ሲያወጣው ግሪዶ ቀድሞ እንዲተኩስና እንዲስት አደረገው። በ2004ቱ ዲቪዲ ሁለቱ እኩል ሊባል በሚችል ቅጽበት ይተኩሳሉ። በ2019 ዲዝኒ ፕላስ ላይ ሲወጣ ደግሞ ግሪዶ ከመተኮሱ በፊት "ማክላንኪ" የምትል ቃል ተጨመረችለት። እንግዲህ የቱን አይታችሁ ነው የምትከራከሩት?

ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን የሃን ታሪክ የሚጀምረው እዚህች ቅጽበት ላይ ነው። የ1977ቱ ሃን ለራሱ ነፍስ ብቻ የሚሳሳ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ውልቅ የሚል ሰው ነው። መጨረሻ ላይ የታሪኩን ዋና ጀግና ሉክን ለማዳን ተመልሶ ሲመጣ ደስ የሚለን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ስላየን ነው። ከመጀመሪያውም ራሱን ለመከላከል ብቻ የሚተኩስ ሰው ካደረግነው መንገዱ ያጥራል። ስለዚህ እኔ የ1977ቱ ወገን ነኝ። ቢሆንም የ1997ቱን ብቻ እያየ ያደገ ሰው "ግሪዶ ነው" ሲል አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው።

የ1983ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ የሚታየው የአናኪን (ኋላ ዳርዝ ቬደር የሆነው የሉክ አባት) መንፈስም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ሴባስቲያን ሾው የሚባል አዛውንት ተዋናይ ነበር፤ ከ2004 ወዲህ በወጣቱ ሄይደን ክሪስተንሰን ተተካ። "እንዴት ወጣት ሆኖ ይመጣል?" ብሎ የሚቆጣ ሰውና "ምኑ ነው ወጣት?" ብሎ ግራ የሚጋባ ሰው የተለያየ ፊልም ነው ያዩት። ፊልም በአማርኛ ትርጉም ማየት የለመድን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። አንዳንዴ የምናስታውሰው ተርጓሚው ከራሱ የጨመረውን ነው።

በትዝታ መጥቀስ

የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ዋና ክፉ ዳርዝ ቬደር "ሉክ፣ አባትህ ነኝ" አላለም። ሉክ አባቱን የገደለው ቬደር መሆኑን አዛውንቱ መምህሩ ኦቢ ዋን እንደነገረው ሲናገር፣ ቬደር የሚመልሰው "የለም፣ አባትህ እኔ ነኝ" ብሎ ነው። የኦቢ ዋንን ቃል የምታፈርሰው ያቺ "የለም" ናት፤ እሷን ስንጥል ግማሹን ነገር ጣልነው። ክርክራችሁ አንድ ቃል ላይ የቆመ ከሆነ ትዕይንቱን ከፍታችሁ ስሙት።

ገጸ ባህሪው የተናገረውን ፊልሙ እንደተናገረው መቁጠር

ከሁሉም በላይ የሚያደክመኝ ይህ ነው። ፊልም ውስጥ ሰዎች ይዋሻሉ፣ ይሳሳታሉ፣ አፍረው ይደብቃሉ። ኦቢ ዋን በ1977ቱ ፊልም አባትህን ቬደር ነው የገደለው ብሎ ለሉክ ይነግረዋል። በ1983ቱ ደግሞ ነገሩ ከምታይበት ቦታ አንጻር እውነት ነው ብሎ ይሟገታል። እኔ ይህን ውሸት ብዬ ነው የምጠራው። በዚህ ግን ኦቢ ዋንን ጠልቼው አላውቅም፤ አንድ አዛውንት አንድን ልጅ ከከባድ እውነት ሊያቆየው ሲሞክር ነው የሚታየኝ።

አሁን ወደ 2017ቱ ፊልም እንሂድ። "ሉክ የተኛ የእህቱን ልጅ ሊገድል ሞከረ፣ ይህ የእኛ ሉክ አይደለም" ሲባል ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? ፊልሙ ግን ያንን ሌሊት ሦስት ጊዜ ነው የሚያሳየን። መጀመሪያ ሉክ ትምህርት ፈልጋ ለመጣችው ወጣት ለሬይ ሲነግራት የራሱን ጥፋት ያስቀራል። ቀጥሎ የእህቱ ልጅ ካይሎ ሬን ይናገራል፤ በሱ ትዝታ ሉክ ሊገድለው ሰይፉን ያነሳ ጨካኝ ነው። በመጨረሻ ሉክ እውነቱን ይናዘዛል። በልጁ ልብ ውስጥ ያየው ጨለማ አስደንግጦት የብርሃን ሰይፉን ለኮሰ፣ ሐሳቡ ወዲያው አለፈ፣ እሱ በሐፍረት ደርቆ ቆሞ ሳለ ልጁ ነቃ። "ሊገድለው ሞከረ" የሚለው እንግዲህ የካይሎ ቃል ነው። እሱን ይዞ የሚከራከር ሰው ሳያውቀው የአንዱ ወገን ምስክር ሆኗል።

ይህ ማለት ፊልሙን መውቀስ አይቻልም ማለት አይደለም። ማርክ ሃሚል ራሱ፣ ሉክን ለዓመታት የተጫወተው ሰው፣ ገጸ ባህሪው በተወሰደበት አቅጣጫ እንዳልተስማማ በአደባባይ ተናግሮ ነበር። ጥሩው ጥያቄ፣ ሰይፉን ጥሎ አባቴን አልገድልም ያለው የ1983ቱ ሉክ ለአንድ ቅጽበት እንኳ እንዲህ ሊፈተን ይችላል ወይ የሚለው ነው። እኔ ይችላል እላለሁ። ያንን የ1983ቱን ትዕይንት እንደገና እዩት፦ ቬደር የእህቱን የሊያን ነገር ሲያነሳበት ሉክ ከተደበቀበት እየጮኸ ወጥቶ አባቱን ደጋግሞ ይመታል፣ እጁን ይቆርጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚቆመው። የሚወደው ሰው ሊጎዳ ነው ሲባል መጀመሪያ እጁ ነው የሚቀድመው፤ ልቡ የሚደርሰው ኋላ ነው። ሁለቱም ፊልም ውስጥ ያው ሉክ ነው።

የሬይ ወላጆች ነገርም እዚሁ ይገባል። በ2017 ወላጆችሽ ተራ ውራጅ ነጋዴዎች ነበሩ፣ ከምንም ነው የመጣሽው የሚላት ካይሎ ነው፤ የሚላትም ከጎኑ እንድትቆም ሲለምናት ነው። በ2019 ክፉው ንጉሠ ነገሥት ፓልፓቲን አያቷ ሆኖ ሲገኝ እኔ በጣም አዘንኩ፤ ከስመ ጥር ቤተሰብ ያልተወለደች ልጅ ይህን ሁሉ ኃይል መያዟ ከተከታታዩ ሁሉ ያማረ ሐሳብ ነበር። ሐሳቡን መጥላት ግን አንድ ነገር ነው፤ "ፊልሙ ራሱን ተቃረነ" ማለት ሌላ ክስ ነው፣ ማስረጃውም የተለየ ነው።

የታሪኩን ውስጥና ውጭ ማደባለቅ

ኦቢ ዋን ለምን ዋሸ? ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለው፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከታሪኩ ውስጥ ስንመልስ፣ ልጁ ለእውነቱ ዝግጁ ስላልነበረ ነው። ከውጭ ስንመልስ፣ የመጀመሪያው ፊልም ሲሠራ ቬደር ገና የሉክ አባት ሆኖ አልተጻፈም። ሊ ብራኬት በ1978 ለሁለተኛው ፊልም የጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅ ውስጥ የሉክ አባት መንፈስ ከቬደር የተለየ ሰው ሆኖ ይታያል። ስለዚህ "ሉካስ ከመጀመሪያው ሁሉንም አቅዶት ነበር" የሚሉ ሰዎች ለዚህ ረቂቅ መልስ መስጠት አለባቸው።

ምስጢሩ እንዴት እንደተጠበቀ ደግሞ ሁሌም ይገርመኛል። ትዕይንቱ ሲቀረጽ የቬደርን ልብስ የለበሰው ዴቪድ ፕራውስ የተናገረው አባትህን ኦቢ ዋን ነው የገደለው የሚል የማስመሰያ ቃል ነበር። እውነተኛውን ቃል ዳይሬክተሩ አርቪን ከርሽነር ለማርክ ሃሚል የነገረው ሊቀረጽ ጥቂት ሲቀረው ነው። ድምፁን በኋላ ጄምስ ኤርል ጆንስ ገባበት። ሃሚል ፊቱ ላይ የሚታየውን ድንጋጤ እውነቱን እያወቀ ነው የሠራው፣ ከአጠገቡ የቆመው ሰው ሌላ ነገር እየተናገረ።

አንዱ መልስ ሌላውን አይሽረውም። የሚያጣላን አንዱ ከውስጥ ሲጠይቅ ሌላው ከውጭ ሲመልስለት ነው። በ2019ኙ ፊልም የሊያ ንግግር ለምን ቁርጥርጥ ይላል? ሊያን የምትጫወተው ኬሪ ፊሸር በታኅሣሥ 2016 ስላረፈች፣ ከዚያ በፊት ተቀርጾ ያልዋለ ምስሏን ነው የተጠቀሙት። ይህ ምክንያቱን ይነግረናል፤ ትዕይንቱ ተሳክቷል ወይ የሚለውን ግን አይመልስም። እሱን ራሳችን መፍረድ አለብን።

ያልጣመንን ሁሉ የሴራ ክፍተት ብሎ መጥራት

ዴዝ ስታርን፣ ፕላኔት የሚያጠፋውን የኢምፓየሩን የጠፈር ጣቢያ፣ የሚያክል ነገር በአንዲት ሁለት ሜትር ስፋት ባላት ቀዳዳ መፈንዳቱ የሴራ ክፍተት (ታሪኩ ራሱን የሚቃረንበት ወይም ምክንያት ያጣበት ቦታ) ነው ይባላል። አይደለም። 1977ቱ ፊልም ላይ ከጥቃቱ በፊት በሚደረገው ገለጻ ምክንያቱ ተነግሯል፦ መከላከያው የተሠራው ለትልልቅ መርከቦች ነው፣ ኢምፓየሩ አንዲት ትንሽ ተዋጊ መርከብ ታሰጋኛለች ብሎ አላሰበም። ትዕቢት የሴራ ክፍተት አይባልም። በ2016 የወጣው ፊልም የጣቢያውን ድክመት ጌለን ኤርሶ የሚባል መሐንዲስ ሆን ብሎ እንደሠራው ሲነግረን ታሪኩ አማረ እንጂ ስህተት አልታረመም።

እውነተኛ ክፍተት ከፈለጋችሁ ይኸውና፦ በ1983 ሊያ እናቷን በልጅነቷ በጥቂቱ እንደምታስታውስ ለሉክ ትነግረዋለች። በ2005ቱ ፊልም እናታቸው ፓድሜ መንታዎቹን እንደወለደች ትሞታለች። ፎርስ፣ በታሪኩ ውስጥ ያለው ምስጢራዊ ኃይል፣ ነው ያሳያት የሚሉ አሉ፤ ልቀበለው እችላለሁ። ፊልሙ ግን አይለውም፣ እኛ ነን ያልነው።

በፊዚክስ መለካት

ጠፈር ላይ ድምፅ የለም፤ እናውቃለን። ሉካስ የጠፈር ውጊያዎቹን ሲያስብ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአየር ውጊያ ፊልሞችን ቆራርጦ ነበር እንደ ሞዴል የተጠቀመው፣ መርከቦቹ እንደ አውሮፕላን የሚያጋድሉትም ለዚያ ነው። ይህ ተረት ነው፤ ልዕልት አለው፣ ጠንቋይ አለው፣ ሰይፍ አለው።

ተረት ግን የራሱ ሕግ አለው፣ መጠየቅ ያለበትም በሱ ነው። በ2017ቱ ፊልም አድሚራል ሆልዶ መርከቧን በብርሃን ፍጥነት በጠላት መርከብ ላይ ስትነዳ ትዕይንቱ አስደናቂ ነበር፣ ሲኒማ ቤቱ ጸጥ ሲል ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነው፦ ይህ ከተቻለ ዴዝ ስታርን ለምን እንዲህ አልመቱትም? የ2019ኙ ፊልም ከሚሊዮን አንዴ የሚሳካ ነገር ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፈው። አልበቃኝም። እዚህ ላይ ተቺዎቹ ልክ ናቸው።

ከፊልሙ ውጭ ባለ ነገር መርታት

በሚያዝያ 2014 ከፊልሞቹ ውጭ የነበሩት አብዛኞቹ ልብ ወለዶችና ኮሚኮች "ሌጀንድስ" ተብለው ከዋናው ታሪክ ተለዩ። ውብ ታሪኮች አሉባቸው፣ አንብቧቸው። ግን ፊልም ብቻ ያየን ሰው "መጽሐፉ ላይ ተመልሷል" ብሎ ዝም ማሰኘት አግባብ አይደለም። ፊልሙ ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ተዋናዩን በገጸ ባህሪው መቅጣት

ከላይ ያሉት ሁሉ ቢበዛ አንድ ምሽት ያበላሻሉ። ይሄኛው ሰው ይጎዳል። ኬሊ ማሪ ትራን ሮዝ የምትባለውን ገጸ ባህሪ በ2017 ከተጫወተች በኋላ በዘሯና በመልኳ ስትሰደብ ቆይታ በ2018 የኢንስታግራም ጽሑፎቿን በሙሉ አጠፋች። ሮዝ ጓደኛዋን ፊንን ከጥቃቱ መሐል የምታስወጣበት ትዕይንት እኔንም አልጣመኝም። ትዕይንቱን ግን ዳይሬክተሩ ሪያን ጆንሰን ነው የጻፈው፤ እሷ የተሰጣትን በሙሉ ልቧ ነው የሠራችው። "ሮዝ እዚህ ጋ ልክ አልነበረችም" እና "ይህች ልጅ ከፊልሙ ትውጣ" የሚሉት አንድ ዓይነት ንግግር አይደሉም።

አህመድ ቤስት ከሷ በፊት ይህን ቀምሶታል። በ1999 አስቂኙን ገጸ ባህሪ ጃር ጃር ቢንክስን ሲጫወት የደረሰበት ውርጅብኝ ሕይወቱን እስከማጥፋት ሊያደርሰው ተቃርቦ እንደነበር በ2018 ተናገረ። ለሃያ ዓመት ያህል የቀለድንበት ገጸ ባህሪ ውስጥ አንድ ወጣት ነበር። በ2023 በቴሌቪዥን ተከታታዩ በዘ ማንዳሎሪያን ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ፣ የጄዳይ (የፎርስ ተዋጊዎች) ቤተ መቅደስ ሲወረር ሕፃኑን ግሮጉን የሚያድን አንድ ጄዳይ ብቅ ይላል። ሁለት የብርሃን ሰይፍ ይዞ፣ ሕፃኑን ከኋላው አድርጎ ይዋጋል። ፊቱ ሲታይ አህመድ ቤስት ነው። እኔ ስክሪኑን አቁሜ ለጓደኞቼ ደወልኩ፤ ያን ምሽት ማንም አልተከራከረም።