የባትሪ ኃይል ማከማቻ የት ይሠራ? የቦታ ደንብ እንዴት እንደሚረቀቅ

የባትሪ ማከማቻ ጣቢያ ሲባል ብዙ ሰው ፋብሪካ ይመስለዋል። ሄደው ሲያዩት ግን ጠጠር ላይ የተደረደሩ የብረት ኮንቴይነሮች ናቸው። ጭስ የለው፣ ጭነት መኪና አይመላለስበት። ለዚህም ነው ደንብ አርቃቂዎች ወይ እንደ ተራ መጋዘን ቆጥረው የሚያልፉት፣ ወይ ደንግጠው ጭራሽ የሚከለክሉት። ሁለቱም አያዋጣም።

መጀመሪያ ደንቡን ማመልከቻ ሳይመጣ አውጡት። ኩባንያው መሬት ከያዘ በኋላ የሚወጣ ደንብ እሱን ለማገድ የተጻፈ ይመስላል፤ ፍርድ ቤት ያደርሳል።

ከዚያ መጠን ለዩ። ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ባትሪና 100 ሜጋዋት የሚሰጥ ጣቢያ በአንድ አንቀጽ አይገዙም። ወሰኑን በሜጋዋት ሰዓት፣ ማለትም በሚከማቸው ኃይል መጠን፣ ጻፉት። ሜጋዋት የሚነግራችሁ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀውን ኃይል ብቻ ነው። እሳት ሲነሳ የሚያሳስበው የተከማቸው ነው።

ቀጥሎ ካርታ ዘርጉ። ኩባንያዎች የሚፈልጉት ሰብስቴሽን (የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ) አጠገብ ያለ መሬት ነው፤ መስመር መዘርጋት ውድ ነውና። እዚያ አካባቢ ጎርፍ የሚተኛበትን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ያለበትን፣ መውጫው አንድ መንገድ ብቻ የሆነውን ቦታ አስወጡ።

አሁን ዋናው ጥያቄ፦ ከመኖሪያ ምን ያህል ይራቅ? እዚህ ላይ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት እሳቱን እወቁት። አንድ የሊቲየም ሴል፣ ማለትም ባትሪው ከተሠራባቸው ትንንሽ ክፍሎች አንዱ፣ ከልክ በላይ ሲግል ሙቀቱን ለጎረቤቱ ያቀብላል። ይህ አንዴ ከጀመረ የውጭ አየር ቢከለከልም አይቆምም፤ ተቀጣጣይና መርዛማ ጋዝም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ፣ አሪዞና፣ ሰርፕራይዝ ከተማ ውስጥ በዝግ ክፍል የታመቀ ጋዝ በሩ ከተከፈተ በኋላ ፈንድቶ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ክፉኛ ጎድቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ካሊፎርኒያ፣ ሞስ ላንዲንግ ላይ ባትሪዎቹ የታጨቁት በአሮጌ የኃይል ማመንጫ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እሳቱ አብዛኛውን በላ፤ ከ1,000 በላይ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 አውስትራሊያ፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ግን ኮንቴይነሮቹ ሜዳ ላይ ተነጣጥለው ስለነበር ሁለት ተቃጥለው እሳቱ እዚያው ቀረ።

እንግዲህ ለእኔ ከርቀቱ በፊት የሚጻፈው ይህ ነው፦ ባትሪው ሕንፃ ውስጥ አይታጨቅ፣ ኮንቴይነሮቹ ይራራቁ፣ ጋዝ መውጫ ይኑራቸው። አመልካቹ ዩኤል 9540ኤ በሚባለው፣ የባትሪ እሳት እንዴት እንደሚዛመት በሚፈተሽበት ዘዴ የተደረገውን ሙከራ ውጤት ያቅርብ፤ ርቀቱንም ከዚያ ተነሱና ወስኑ። ኤንኤፍፒኤ 855 የሚባለውን የአሜሪካ የእሳት ደህንነት ደረጃ መነሻ ማድረግ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ፕላኑን ሳያዩት ፈቃድ አይሰጥ። ሁለት መግቢያ፣ በቂ ውኃ፣ ሌሊትም ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ ይጠይቁ። እሳት ላይ የፈሰሰው ውኃ ወደ ወንዝ እንዳይወርድ መያዣ ይሠራለት።

ድምፅም አለ። የማቀዝቀዣው ፋን ሲጮህ ሊያድር ይችላል። ልኬቱ በሌሊት፣ ከጎረቤት አጥር ላይ ይወሰድ።

በመጨረሻ ጣቢያውን ነቅሎ ለማንሳት የሚውል ገንዘብ አስቀድማችሁ አስይዙ። ጣቢያው ዕድሜውን ሲጨርስ ኩባንያው ላይኖር ይችላል። ስሌቱ የተቃጠለ ባትሪንም ይጨምር፤ ከእሳት የተረፈ ሴል ኃይል እንደያዘ ሊቆይ ስለሚችል ማንሳቱ ሳምንታት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፣ ልዩ ባለሙያም ይፈልጋል። ተመኑ በየ5 ዓመቱ ይታይ።