በባለሞተር ማሽን ጥይት ስሞላ የገጠመኝ የባሩድ መጠን መለያየት

በምኖርበት በቨርጂኒያ ለዒላማ ተኩስ የምጠቀምበትን የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት፣ ባዶ ቀለሁን አንድ በአንድ እያነሳሁ፣ ባሩድና አረር በእጅ መጭመቂያ እየጨመርሁበት ለዓመታት ስሞላ ቆይቼ ባለፈው ዓመት ወደ ባለሞተር ማሽን ተሸጋገርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ግን የባሩዱ ክብደት ከቀለህ ቀለህ ይለያይ ጀመር፤ በሚዛን ስፈትሸው ልዩነቱ እስከ 0.4 ግሬን (አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ነው) ደረሰ። በትንሽ የሽጉጥ ቀለህ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ባሩድ ሲበዛ ግፊቱ መሣሪያውን ሊያፈነዳው፣ ሲያንስ ደግሞ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ተቀርቅሮ ተከታዩን ተኩስ አደገኛ ሊያደርገው ይችላል።

መስፈሪያውን ደጋግሜ ባስተካክልም ለውጥ አልነበረም። በኋላ እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ሞተሩን ሳስነሳ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ተሰማኝ፤ ለካ በእጅ ስሠራ ጸንቶ ይቆም የነበረው ጠረጴዛ ሞተሩን አልቻለውም ኖሯል፤ ባሩዱም መስፈሪያው ውስጥ አንዴ እየተጠቀጠቀ፣ አንዴ እየሳሳ ይወርድ ነበር። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰርሁት፤ ፍጥነቱንም በግማሽ ቀነስሁ። የባሩዱን ከፍታ ለክቶ ማሽኑን የሚያቆም መቆጣጠሪያም ጨመርሁ፤ ይህን መሣሪያ እንደ ቅንጦት ማየት ትልቅ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። አሁን ልዩነቱ ከ0.1 ግሬን አይበልጥም፤ ያም ሆኖ ከየ20ው ቀለህ አንዱን መመዘኔን አልተውሁም።