«ዛሬ እንዴት ነበር?» «ጥሩ።» — ልጅን በመጽሐፍ ስለ ትምህርት ቤቱ የማስወራት ዘዴ

ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከሰርቪስ ስትወርድ «ዛሬ እንዴት ነበር?» እላታለሁ። «ጥሩ።» ምን ተማራችሁ? «ምንም።» በቃ፣ አለቀ። ኮሚዩኒኬሽን ቡኩን ብገልጥ የቤት ሥራና «ፈርመው ይመልሱ» ብቻ ነው ያለው። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ የምትውልበት ቦታ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ የሰርቪሱ ሾፌር ሳያውቅ አይቀርም ነበር።

በመጨረሻ ያስወራት መጽሐፍ ነው። የመማሪያ መጽሐፏን ማለቴ አይደለም፣ ስለ ሌላ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያወራ መጽሐፍ ነው። ልጅ ስለ ራሱ ሲጠየቅ ምርመራ ይመስለዋል፣ ይዘጋል። ስለ ሌላ ልጅ ከሆነ ግን አፉ ይፈታል፤ ሐሜት የማይወድ ማን አለ?

ዋናው ነገር የመጽሐፉ ምርጫ ነው። በአማርኛ ለልጆች ተጽፈው እጄ ከገቡት ብዙዎቹ ትምህርት ቤትን የሚያነሱት ለምክር ነው፤ ጎበዙ ይሸለማል፣ ሰነፉ ይጸጸታል፣ መምህሩ ፈገግ ይላል። እነዚህ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፣ ምክንያቱም ልጁ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ማን ትክክል እንደሆነ ስለሚገባው እናንተን ደስ የሚያሰኘውን መልስ ይሰጣችኋል። የሚያስፈልገው የሚፈራ፣ የሚሰለች፣ ጥፋት የሚያጠፋ፣ ያለ ቦታው የሚስቅ ልጅ ያለበት መጽሐፍ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ሰዎች ስለ ራሳቸው ልጅነት በጻፉት ውስጥ ነው።

እኔ የጀመርኩት በቶቶ-ቻን ነው። ጃፓናዊቷ ቴትሱኮ ኩሮያናጊ በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የራሷ ታሪክ ነው። ልጅቷ ገና አንደኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤት ትባረራለች። ጥፋቷ ምንድን ነው? የዴስኳን ክዳን ደጋግማ ትከፍታለች ትዘጋለች፤ መስኮት ላይ ቆማ በመንገድ የሚያልፉትን ሙዚቀኞች ትጠራለች። እናቷ መባረሯን ሃያ ዓመት እስኪሞላት አልነገረቻትም፤ «ሌላ ትምህርት ቤት እንይ» ብላ ብቻ ወሰደቻት። አዲሱ ቶሞኤ ይባላል፣ ቶኪዮ ውስጥ ነው፣ ክፍሎቹ አሮጌ የባቡር ፉርጎዎች ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ሶሳኩ ኮባያሺ በመጀመሪያው ቀን እናትየዋን ወደ ቤት ሸኝቶ ልጅቷን «የፈለግሽውን ንገሪኝ» አላት፣ ከዚያ አራት ሰዓት ሙሉ ሰማት። አራት ሰዓት! እኔ አራት ደቂቃ ሰምቼ ስልኬን አነሳለሁ። ትምህርት ቤቱ በ1945 እ.ኤ.አ. በአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ ይህን ለትንሽ ልጅ መጨረሻ ላይ አቆዩት።

መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ብታገኙት አትጨነቁ። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ማታ አንዱን ለራሳችሁ አንብቡና በነጋታው እንደ ተረት በአፋችሁ አውሩት። ቃል በቃል ልተርጉም ካላችሁ ግን ታሪኩ ይሞታል፣ ልጁም ይተኛል። ውጭ አገር ያላችሁም ተቃራኒውን አትፍሩ፤ ልጁ በሚቀለው ቋንቋ ያንብብ፣ ወሬው በአማርኛ ይሁን።

ጊዜው መኝታ ሰዓት፣ መብራት ደብዘዝ ብሎ፣ ጎን ለጎን ተጋድማችሁ ቢሆን ይሻላል። ፊት ለፊት ተፋጥጦ መቀመጥ ቢሮ ይመስላል።

አሁን ወደ ጥያቄው። «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» የምትለዋን ነገር እርሷት። ሁላችንም ያደግንባት ናት፣ ከአፍ ቶሎ ትወጣለች፣ ግን ተረቱን ወደ ፈተና ትቀይረዋለች። ሁለተኛዋ ክልክል «አንቺስ ጋ እንዲህ አለ ወይ?» ናት። ገና ሊወጣ የነበረው ወሬ እዚያው ይደርቃል። ይልቅ ስለ መጽሐፉ ልጅ ብቻ ጠይቁ፦ «እዚህ ጋ ምን ተሰማት ትያለሽ?» «መምህሯ ለምን ተናደደች?» «አንቺ ጓደኛዋ ብትሆኚ ምን ትያታለሽ?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፣ ይጨንቃል፣ ግን አትሙሉት።

እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ቶቶ-ቻን የገንዘብ ቦርሳዋ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅባታል። እሷም ረጅም ጭልፋ ፈልጋ ጉድጓዱን እየጠለቀች ውጭ ትከምራለች። ርዕሰ መምህሩ ሲያልፍ ያያትና አይቆጣም፤ ስትጨርሺ መልሰሽ ታስገቢዋለሽ አይደል ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና ጣሪያውን እያየች «እኛ ጋ እኮ ሚስ ሽንት ቤት አትፈቅድም። እኔ ለዚያ ነው ውሃ የማልጠጣው» አለችኝ። ኮዳዋ በየቀኑ ሙሉውን ሲመለስ ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ! ዝርክርክነት መስሎኝ።

ለትልልቆቹ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ላሉት፣ ሌሎች አሉ። የጊኒው ካማራ ላዬ በ1953 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የልጅነት ታሪኩ ትልልቆቹ ተማሪዎች ትንንሾቹን ግቢ እያስጠረጉ፣ ምግባቸውን እየነጠቁ ያሰቃዩዋቸዋል። ልጆቹ ለረጅም ጊዜ ለቤተሰብ አይናገሩም፣ ፈርተው። «ለምን ዝም አሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሰኔ 30 እንገናኝ ተብሎ የተዛተበት ልጅ ሁሉ መልስ አለው። የኬንያው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ደግሞ በቅኝ ግዛት ዘመን ኪኩዩኛ ሲናገር የተያዘ ተማሪ እንደሚገረፍ፣ «እኔ አህያ ነኝ» የሚል ጽሑፍ አንገቱ ላይ እንደሚንጠለጠልበት ጽፏል። በልጆቹ መሀል አንድ የልብስ ቁልፍ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ሲናገር የተያዘ ይቀበላል፣ ቀኑ ሲያልቅ ቁልፉን የያዘው ልጅ ከማን እንደተቀበለ ይናገራል፣ እንዲህ እየተባለ ሁሉም ይጋለጣል። በአማርኛ ስታወራ ከተያዝክ ቅጣት አለ የሚል የግል ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ካላችሁ ይህችን ነግራችሁት ዞር በሉ። የሚያመጣውን ወሬ ታያላችሁ።

ሃይስኩል ለደረሰ ደግሞ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። በፍቅር ታሪክነቱ ብቻ ነው የምናነሳው እንጂ በዛብህ ገና ልጅ ሳለ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ፣ የትምህርት መንገዱ ሳይጠየቅ የተመረጠለት ልጅ ነው። ዶክተር ሁን ለተባለ ልጅ ይህ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

መጽሐፍ ካልተገኘስ? አያት ካሉ እሳቸው አሉ። የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥሩ የቀመሱትን አለንጋ፣ ዳዊት ሲደግሙ ምን እንደተደገሰ፣ ከትምህርት ጠፍተው የት እንደተደበቁ ያውሩ። እናንተም የራሳችሁን ጨምሩ፣ ግን እውነቱን። «እኔ በናንተ ዕድሜ አንደኛ ነበር የምወጣው» የሚለው ማንንም አስወርቶ አያውቅም። እኔ አራተኛ ክፍል እያለሁ ካርዴን ፍራሽ ስር መደበቄን ስነግራት ልጄ ተነስታ ቁጭ አለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከባድ ነገር ከወጣ፣ ለምሳሌ መመታት፣ ያን ማታ ፊታችሁ እንዳይለወጥ። «ማን ነው እሱ? ነገ አሳየዋለሁ!» ካላችሁ ሁለተኛ አይነግራችሁም። «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግክ» ብላችሁ አስተኙት፣ ቁጣችሁን ሳሎን ወስዳችሁ አውጡት። በነጋታው ሂዱ፣ መመታት ከሆነ ሳታድበሰብሱ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ። ቀለል ያለ ከሆነ የልጁን ስም ፊት ለፊት አታስቀምጡ። እኔ ለመምህሯ «ልጄ እንዲህ አለች» አላልኳትም፤ «ሽንት ቤት የሚወጡት መቼ መቼ ነው?» ብቻ ብዬ ጠየቅኩ። በእረፍት ብቻ ነው አለችኝ፣ ትንሽ ተነጋገርን፣ ከእረፍት ውጪም እጅ ላወጣ እንድትፈቅድ ተስማማን።

ኮዳው አሁን ግማሽ ሆኖ ይመለሳል። ልጄን ያሳሰባት ግን ሌላ ነው፤ «እማዬ፣ ቦርሳዋስ ተገኘ?» ትለኛለች። አልተገኘም።